ብሔረ ጽጌ እና የነዋሪው ድርሻ፦ ነባር መናፈሻን በኅብረተሰብ ተሳትፎ የመጠበቅ ጉዳይ

በከተሞች የሚካሄድ የኅብረተሰብ ተሳትፎ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በወጣው ሰው ብዛት፣ በተተከለው ችግኝ ቁጥርና በተዋጣው ገንዘብ መጠን ነው። እነዚህ መለኪያዎች ለአንድ ቀን የጽዳት ወይም የተከላ ዘመቻ በቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ዕድሜ ጠገብ መናፈሻን ጠብቆ ለማቆየት ግን አይበቁም። ነዋሪው ከጉልበቱና ከገንዘቡ በተጨማሪ በዕቅዱ፣ በውሳኔውና በቁጥጥሩ የታወቀ ድርሻ ሲኖረው ጥበቃው ዘላቂ እንደሚሆን የአገር ውስጥም ሆነ የውጭ ልምዶች ያስገነዝባሉ።

ለዚህ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የብሔረ ጽጌ መናፈሻ ጥሩ ማሳያ ነው። ከአዲስ አበባ ነባር መናፈሻዎች አንዱ የሆነው ይህ ስፍራ ስሙ ግእዝ ሲሆን፣ ትርጉሙም የአበባ አገር ማለት ነው። ሰፈሩና በአካባቢው የሚገኘው የማርያም ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ስም ይጠራሉ። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው በሰየሟት ከተማ የአበባን ስም ይዞ የቆየ መናፈሻ መኖሩ ስፍራውን የከተማዋ ማንነት መገለጫ ያደርገዋል።

ብሔረ ጽጌ በነዋሪው ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በሠርግ ነው። ሙሽሮች ከሚዜዎቻቸውና ከአጃቢዎቻቸው ጋር በዛፎቹ ሥር ፎቶግራፍ የሚነሡበት ስፍራ በመሆን ለረጅም ዓመታት አገልግሏል። በመሆኑም መናፈሻው በብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች አልበም ውስጥ ገብቷል ማለት ይቻላል። ይህ እውነታ ኋላ እንደሚብራራው ከትዝታ ያለፈ ጠቀሜታ አለው።

የክፍለ ከተማው የአሰፋፈር ሁኔታም የመናፈሻውን አስፈላጊነት ያጎላዋል። በጎፋ፣ በለቡ፣ በጀሞና በሌሎች አካባቢዎች የጋራ መኖሪያ ቤቶችና አዳዲስ መንደሮች ተስፋፍተዋል። ግቢ በሌለው የጋራ ሕንፃ ለሚኖር ቤተሰብ ልጅ የሚሮጥበት፣ አረጋዊ የሚያርፍበት ጥላ የሚገኘው በሕዝብ መናፈሻ ነው። በሌላ በኩል የከተማ መሬት ዋጋ በናረ ቁጥር ክፍት ቦታ ሁሉ ለግንባታ ይታሰባል። ከመናፈሻ ጫፍ የሚቆረስ ጥቂት ካሬ ሜትር በአንድ ጊዜ ላይታይ ቢችልም በየዓመቱ ሲደጋገም ስፍራውን ያሳጣል። እንደ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ለሙሉ ዕድገት አሥርት ዓመታት ስለሚፈልጉ፣ በአንድ ቀን የተቆረጠ ዛፍ በቀጣዩ የበጀት ዓመት አይተካም።

ነባር መናፈሻ ከሌላው አረንጓዴ ቦታ የሚለይበት ምክንያት

በመንገድ አካፋይ ላይ የተተከለ ሣር ቢጎዳ በሌላ ሣር ሊተካ ይችላል። ነባር መናፈሻ ግን የተተከሉት ዛፎች፣ መተላለፊያዎቹ፣ የውኃ መስመሮቹና የአቀማመጡ ሥርዓት በአንድነት የፈጠሩት ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የሐውልቶችና የመካናት ምክር ቤት፣ በአህጽሮተ ስሙ ኢኮሞስ፣ ስለ ታሪካዊ የአትክልት ስፍራዎች እ.ኤ.አ. በ1981 በፍሎረንስ የተረቀቀውን ሰነድ በ1982 ተቀብሎታል። ሰነዱ እነዚህን ስፍራዎች ሕያው ሐውልት አድርጎ ይመለከታቸዋል። ሐውልትነታቸው ጥበቃን፣ ሕያውነታቸው ደግሞ የማያቋርጥ እንክብካቤን ይጠይቃል።

በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ የሰጠው ትርጓሜ የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት በሆኑና ታሪካዊ፣ ሳይንሳዊ፣ ባህላዊ ወይም ጥበባዊ ዋጋ ባላቸው ነገሮች ላይ ያተኮረ ነው። በሰው እጅ ታቅዶ የተተከለ ነባር መናፈሻ በዚህ ዓይን ሲታይ ከመዝናኛ ስፍራነት ያለፈ ደረጃ ሊሰጠው እንደሚችል መገንዘብ አያዳግትም።

ይህ ልዩነት በሥራ ላይ ጉልህ ውጤት አለው። ነባር መናፈሻን የሚጎዳው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ በቅንነት የሚከናወን ማሻሻያም ሊጎዳው ይችላል። የዛፍ ግርጌ በሲሚንቶ ሲደፈን ሥሩ ውኃና አየር ያጣል። አሮጌ ዛፍ ተነሥቶ በቦታው የጌጥ ተክል ሲተከል ስፍራው ለጊዜው ቢያምርም ጥላውንና ታሪኩን ያጣል። የፍሎረንሱ ሰነድ ያለ ጥልቅ ቅድመ ጥናት የዕድሳት ሥራ እንዳይጀመር የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

የነዋሪው ተሳትፎ ፋይዳም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። መናፈሻው ከሃያና ከሠላሳ ዓመታት በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቁት ነባር አትክልተኞች፣ ጥበቃዎችና የአካባቢው አረጋውያን ናቸው። ከላይ የተጠቀሱት የሠርግ ፎቶግራፎች ደግሞ አብዛኞቹ ቀናቸው የሚታወቅ በመሆኑ፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደነበረ፣ የትኛው መተላለፊያ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር የሚያሳዩ ሰነዶች ናቸው። ቤተሰቦች የፎቶግራፎቻቸውን ቅጂ በፈቃዳቸው እንዲሰጡ ቢጋበዙ ያለ ብዙ ወጪ የመናፈሻው የታሪክ መዝገብ ሊደራጅ ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ ስለ ተሳትፎ የሚለው

የነዋሪው ተሳትፎ በአስተዳደር አካላት በጎ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ሲያረጋግጥ፣ አንቀጽ 91 የተፈጥሮ ሀብትንና ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ መሆኑን ይገልጻል። አንቀጽ 92 በበኩሉ ሕዝቡ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ከነዚህ ድንጋጌዎች አንድ ዐቢይ ነጥብ መረዳት ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ ተሳትፎን ያያያዘው ከአፈጻጸም ጋር ብቻ ሳይሆን ከዕቅድም ጋር ነው። ዕቅዱ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል እንጂ ምክክር ሊባል አይችልም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስለው አቅርበውት ነበር። ከታች ያሉት እርከኖች ሕዝቡ ተሳተፈ ተብሎ የሚቆጠርባቸው ሲሆኑ፣ ከላይ ያሉት በውሳኔ ላይ ድርሻ የሚያገኝባቸው ናቸው። አንድ ጽሕፈት ቤት በሪፖርቱ ተሳትፎ ብሎ ያሰፈረው ተግባር ከየትኛው እርከን ላይ እንደሚውል ቢመረምር የራሱን አሠራር በትክክል ሊመዝን ይችላል።

ከመንዝ ጓሳ የሚገኝ ትምህርት

የጋራ ሀብትን በጋራ ሥርዓት መጠበቅ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ አካባቢ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለ ባህላዊ ሥርዓት ሲጠበቅ ቆይቷል። ማኅበረሰቡ በመረጣቸው ኃላፊዎች አማካይነት የጓሳው ሣር የሚታጨድበትንና ከብት የሚሰማራበትን ጊዜ ይወስን ነበር። አካባቢው አንዳንድ ጊዜ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ሲከፈት ደግሞ መብት ያለው ሁሉ በሥርዓቱ መሠረት ይጠቀማል፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ የተመሠረተበት የመሬት ይዞታ በመለወጡ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ የጓሳው ሀብትም ለጉዳት ተጋለጠ። ከጊዜ በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ አደረጃጀት ወደ ጥበቃው ተመልሷል። ዛሬ አካባቢው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበት፣ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ ይታወቃል።

ጓሳ የግጦሽና የሣር ምድር፣ ብሔረ ጽጌ የከተማ መናፈሻ መሆናቸው አያከራክርም። ይሁንና ሥርዓቱን ለዘመናት ያቆዩት ነገሮች ለሁለቱም ይሠራሉ። እነርሱም የታወቀ ወሰን፣ የታወቀ ባለመብት፣ ሁሉም የሚያውቀው ደንብ፣ ሳያዳላ የሚፈጸም ቅጣትና ለጠባቂው የሚደርስ ጥቅም ናቸው። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ጥበቃው ይላላል።

የናይሮቢ ልምድ

ከጎረቤት አገር ደግሞ የናይሮቢው ካሩራ ደን ሊጠቀስ ይችላል። ወደ 1 ሺህ ሄክታር የሚደርሰው ይህ የከተማ ደን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለግል ግንባታ ሊሸነሸን ሲል፣ ኋላ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ዋንጋሪ ማታይና ባልደረቦቻቸው ተቃውመው ታግለውለታል። ኬንያ በ2005 ያወጣችው የደን ሕግ ማኅበረሰቦች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት የደን አገልግሎት ጋር ደንን በጋራ እንዲያስተዳድሩ በር ከፍቷል። በዚህ መሠረት የተቋቋመው የካሩራ ወዳጆች ማኅበር ከአገልግሎቱ ጋር በመተባበር፣ ሰው በፍርሃት ይሸሸው የነበረው ደን አጥር እንዲኖረውና ቤተሰቦች በሰላም የሚጎበኙት ስፍራ እንዲሆን አስችሏል።

ልምዱ ማስጠንቀቂያም አለው። እ.ኤ.አ. በ2025 የመግቢያ ክፍያ በማን በኩል ይሰብሰብ በሚለው ጉዳይ በሁለቱ ወገኖች መካከል አለመግባባት ተፈጥሮ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ለዓመታት የሠመረ ትብብር እንኳ በገንዘብ ጉዳይ ሊናጋ ስለሚችል፣ ገቢው በማን እንደሚሰበሰብና ለምን እንደሚውል ከመነሻው በጽሑፍ መወሰኑ አስፈላጊ ነው።

በክፍለ ከተማና በወረዳ ደረጃ ሊሠራ የሚችለው

ከእነዚህ ልምዶች በመነሣት እንደ ብሔረ ጽጌ ያሉ ነባር መናፈሻዎችን ከነዋሪው ጋር ለመጠበቅ በቅደም ተከተል ሊከናወኑ የሚችሉ ተግባራት አሉ።

የመጀመሪያው ወሰንን የማሳወቅ ሥራ ነው። የመናፈሻው የይዞታ ካርታ በመዝገብ ቤት ብቻ ከሚቀመጥ በመግቢያው በርና በወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ችካል ሲነቀል ወይም አጥር ሲገፋ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤቱ ይሆናል። ወሰኑን የማያውቅ ነዋሪ ሊጠብቀው አይችልም።

ሁለተኛው የዛፍ መዝገብ ማዘጋጀት ነው። እያንዳንዱ ነባር ዛፍ ቁጥር ተሰጥቶት ዓይነቱና የጤንነቱ ሁኔታ ቢመዘገብ፣ በአካባቢው የሚገኙ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባት በየዓመቱ ቆጠራውን ማገዝ ይችላሉ። አንድ ዛፍ ሲቆረጥም ለምን፣ በማን ውሳኔ እንደተቆረጠ በመዝገቡ መስፈር ይኖርበታል።

ሦስተኛው የጋራ ኮሚቴ ማቋቋም ነው። እድሮች በየሰፈሩ አባላቶቻቸውን በስም የሚያውቁ፣ መዋጮ የመሰብሰብና ሒሳብ የመያዝ ልምድ ያላቸው ተቋማት ናቸው። የእድር ተወካዮች፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመናፈሻው ሥራ የሚተዳደሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከመናፈሻው አስተዳደር ጋር በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ፣ ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ሐሳባቸው በቃለ ጉባኤ ሊያዝ ይችላል። የኮሚቴው ሥልጣንና ገደብ በስምምነት ሰነድ መወሰን አለበት።

አራተኛው የገቢና የወጪ ግልጽነት ነው። ከመግቢያና ከሠርግ አገልግሎት የሚገኝ ገቢ ምን ያህል እንደሆነና ምን ያህሉ ለመናፈሻው እንክብካቤ እንደዋለ በየሩብ ዓመቱ ቢገለጽ የነዋሪው አመኔታ ይጠናከራል። የክፍያው መጠን ሲወሰንም አቅም የሌለው የአካባቢው ነዋሪ ሊዘነጋ አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ለሁሉም፣ በተለይም ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ክፍት የሆነ የሕዝብ አረንጓዴ ስፍራ እንዲኖር ይጠይቃሉ። ከበሩ የተመለሰ ሰው ለመናፈሻው ጠበቃ እንዲሆን መጠበቅ ያስቸግራል።

አምስተኛው ከአጥር ውጭ ያለውን መመልከት ነው። ክፍለ ከተማውን የሚያቋርጠው የትንሿ አቃቂ ወንዝ ከላይኛው የከተማው ክፍል የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በ29 ቢሊዮን ብር ወጪ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደው የሸገር ማስዋብ ፕሮጀክት የወንዝና የመናፈሻ ጉዳይ ተነጣጥሎ እንደማይታይ አመልክቷል። በአንድ ወረዳ የተጣለ ቆሻሻ በሌላው ስለሚደርስ የነዋሪዎች ትብብርም የወረዳን ወሰን መሻገር አለበት።

የተሳትፎ ገደብ

የኅብረተሰብ ተሳትፎ የመንግሥትን ኃላፊነት አይተካም። የሠለጠነ አትክልተኛ፣ የውኃ አቅርቦት፣ የጥበቃ ሠራተኛና መደበኛ በጀት በነፃ ጉልበት ሊሸፈኑ አይገባም። በክረምት በዘመቻ የተተከለ ችግኝ በበጋ የሚያጠጣው ካላገኘ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ የሚባክነው የሕዝቡ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ዳግም ለመውጣት ያለው ፈቃደኝነትም ጭምር ነው። ኮሚቴዎች በጥቂት ተሰሚነት ባላቸው ሰዎች እጅ እንዳይወድቁም የአባላት የሥራ ዘመን መገደብና የምርጫው ግልጽነት ሊረጋገጥ ይገባል።

ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ የአንድነት፣ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ተገንብተው ለአገልግሎት መብቃታቸው የከተማዋን አረንጓዴ ገጽታ ለውጦታል። አዲስ ፓርክ በገንዘብና በዕቅድ በጥቂት ዓመታት ሊገነባ ይችላል። የሃምሳ ዓመት ዛፍ ግን ከሃምሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ አይገኝም። ለነባር መናፈሻዎች የሚሰጠው ትኩረት ለአዲሶቹ ከሚሰጠው ማነስ የማይገባውም ለዚህ ነው። በመሆኑም በየደረጃው ያሉ የሥራ ኃላፊዎች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ስንት ሰው ለዘመቻ እንደሚወጣ ብቻ ሳይሆን፣ የመናፈሻው ጎረቤት የሆነው ነዋሪ ዕቅዱን ከመጽደቁ በፊት ማየቱንና ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ መያዙን ሊያረጋግጡ ይገባል።