የግሸን ንጋትና የጅራታሙ ኮከብ ስሌት

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም በዓል ሲከበር፣ ከቅርብም ከሩቅም የሚመጡ ምዕመናን ሌሊቱን በአምባው ላይ ያሳልፋሉ። በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው ይህ የአምባሰል ተራራ ዙሪያው ገደል ነው። በ2017 ዓ.ም. በዚያው ዕለት ማለዳ (ኦክቶበር 1 ቀን 2024) ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ደመና ያልጋረደው ተመልካች ወደ ምሥራቅ ቢመለከት ከአድማሱ ከፍ ብሎ ጅራቱን ወደ ላይ የዘረጋ ኮከብ ማየት ይችል ነበር። ሲ/2023 ኤ3 ወይም ጹቺንሻን-አትላስ ይባላል። ለፀሐይ እጅግ የቀረበው ከአራት ቀን በፊት፣ መስከረም 17 ቀን፣ ማለትም በመስቀል ዕለት ነበር።

የቀኖቹ መገጣጠም በእርግጥ አጋጣሚ ነው። የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ቀን ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ኮከቡን በጃንዋሪ 2023 መጀመሪያ ያየው የቻይናው ጹቺንሻን የምርምር ጣቢያ ሲሆን፣ በወቅቱ ተጨማሪ ምልከታ ሳይገኝ በመቅረቱ ጠፍቶ ነበር። በፌብሩዋሪ ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የአትላስ ቴሌስኮፕ እንደ አዲስ አገኘው። ያኔ ከፀሐይ የነበረው ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ሰባት እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ርቀት የመድረሻውን ቀን ማወቅ እንዴት ይቻላል? መነሻው ቦታ መለካት ነው። ኮከቡ ፎቶ ይነሳል፤ በሥዕሉ ላይ ካሉት ቦታቸው በትክክል ከሚታወቅ ከዋክብት አንጻር የት እንዳለ ይለካል፤ ሰዓቱም በጥንቃቄ ይመዘገባል። በተለያዩ ሌሊቶች የተወሰዱ ሦስት ጥሩ ልኬቶች በመርህ ደረጃ የምሕዋሩን የመጀመሪያ ቅርጽ ለማውጣት ይበቃሉ። ምሕዋር ማለት እዚህ ላይ ስድስት ቁጥሮች ማለት ነው፤ ሁለቱ ስለ መጠኑና ስለ ቅርጹ፣ ሦስቱ በሕዋ ውስጥ ስላለው አቀማመጥና ዝንባሌ፣ አንዱ ደግሞ ኮከቡ ለፀሐይ የሚቀርብበትን ጊዜ ይናገራሉ። ምልከታው በበዛ ቁጥር ቁጥሮቹ ይጠራሉ። ለጹቺንሻን-አትላስ የወጣው ውጤት ከፀሐይ 58.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሜርኩሪ አካባቢ፣ እንደሚያልፍ አሳየ። ምሕዋሩ እጅግ የተለጠጠ ስለሆነ ተመልሶ ላይመጣም ይችላል።

ብርሃኑን መተንበይ ግን የተለየ ጣጣ አለው። ቦታው የስበት ጉዳይ ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ የኮከቡ የራሱ ጠባይ። የከዋክብት ብርሃን በደረጃ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይጨምራል፣ የአምስት ደረጃ ልዩነት መቶ እጥፍ ነው፣ በጨለማ ሥፍራ ያለ መሣሪያ የሚታየው እስከ ስድስተኛ ደረጃ ድረስ ነው። ለምድር ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ለፀሐይ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ግን የተለመደው ግምት አሥራ ስድስት እጥፍ ነው፤ ምክንያቱም ብርሃን ማንጸባረቁ ብቻ ሳይሆን በረዶው እየተነነ ጋዝና አቧራ መልቀቁም አብሮ ይጨምራል። ይህ «የተለመደ» የሚባለው ቁጥር ነው የሚያጭበረብረው። አንዱ ኮከብ ከተጠበቀው በላይ ይነዳል፣ ሌላው በመንገድ ላይ ይበተናል። በ2024 አጋማሽ ዝደኔክ ሴካኒና የተባሉት የታወቁ የመስኩ ሊቅ ይህም ኮከብ ፀሐይ ጋ ሳይደርስ እንደሚፈርስ ጽፈው ነበር። አልፈረሰም።

ለዚህ ነው የብርሃን ክትትል ሌሊት በሌሊት የሚደረገው። ሥራውም ውድ መሣሪያ የግድ አይልም፤ ልምድ ያለው ተመልካች የመነጽሩን ትኩረት አደብዝዞ ኮከቡን በተመሳሳይ ሁኔታ ከደበዘዙ ደረጃቸው ከሚታወቅ ከዋክብት ጋር ያወዳድራል። ከብዙ አገር የሚሰበሰቡት ግምቶች በገበታ ላይ ሲቀመጡ የብርሃን መስመር ይወጣል። የጹቺንሻን-አትላስ መስመር መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም. አካባቢ ድንገት ሽቅብ ተተኩሶ ቬነስን የሚበልጥ ብርሃን ላይ ደረሰ። ኮከቡ በምድርና በፀሐይ መካከል ሲያልፍ አቧራው ከኋላው በፀሐይ ተመታ፤ ጠዋት ወደ ፀሐይ እየነዱ ሳለ የመኪናው የፊት መስታወት አቧራ እንዴት እንደሚያበራ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከፀሐይ አጠገብ ስለነበር ግን ያንን ብርሃን በደንብ ያየችው ሶሆ የተባለችው መንኮራኩር ናት። ጥቅምት 2 ቀን ለምድር በጣም ቀረበ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ከምሽት በኋላ በምዕራብ ታየ፤ ከዚያ ደበዘዘ።

ግሸን ከምድር ወገብ ብዙም አለመራቋ ጥቅም ነበረው። በእኛ ኬክሮስ የሰማይ አካላት ከአድማስ ቀጥ ብለው ስለሚወጡ፣ ፀሐይ አካባቢ የሚውል ኮከብ ከጎሑ በፊት የተሻለ ከፍታ ያገኛል። በዚያው ሳምንት ለሰሜን አውሮፓ ተመልካቾች አድማሱ ላይ ተኝቶ ነበር።

ስሌቱ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ለእኛ ታሪክ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ግማደ መስቀሉ ግሸን የገባው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ ይተረካል። እኚሁ ንጉሥ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ከሰማይ የወረደ ብርሃን ታይቶ ነው። ዜና መዋዕላቸው ዕለቱን መጋቢት 10፣ ይኸውም ደቂቀ እስጢፋኖስ በተወገሩ በ38ኛው ቀን ያደርገዋል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህ ብርሃን በ1456 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታየው የሃሌይ ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ግምቱ ይማርካል፤ ሃሌይ በየ76 ዓመቱ ገደማ የሚመለስ፣ ምሕዋሩ በደንብ የታወቀ ኮከብ ነውና። ግን እንፈትነው።

በዚያ ዙር ሃሌይ ለፀሐይ የቀረበው ጁን 9 ቀን 1456 ሲሆን፣ በዘመኑ በነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር ወደ እኛ ሲመለስ ሰኔ 15 ቀን 1448 ዓ.ም. ነው። ከመጋቢት 10 እስከዚያ 95 ቀን አለ። ከምሕዋሩ ሲሰላ ኮከቡ መጋቢት 10 ላይ ከፀሐይ 280 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከማርስ ምሕዋር ውጪ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ሃሌይ ሲመለስ በተመሳሳይ ርቀት ላይ ሳለ፣ ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ያለ መሣሪያ ሊለዩት ገና ጫፍ ላይ ነበሩ። ቻይናውያን በ1456 ያዩት በሜይ መጨረሻ፣ በእኛ ሰኔ መጀመሪያ ነው። በዚያ ላይ የታሪክ ምሁራን የደብረ ብርሃኑን ክስተት ዓመት ከ1456 ቀደም አድርገው የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ፤ ያ ከሆነ ርቀቱ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ የመጋቢት 10 ቀን ትክክል ከሆነ ሃሌይ አልነበረም። ስሌቱ የሚዳኘው ይህንን ግምት ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ምን አየ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፣ በተአምር ጉዳይም አይገባም።

ወደ ኋላ መቁጠሩ እንዲህ የሚያስተማምነው አንድ መሰናክል ስለታለፈ ነው። ሃሌይ ፀሐይ ሲሞቀው የሚተፋው ጋዝ እንደ ትንሽ ሮኬት ስለሚገፋው በየዙሩ ከስበት ስሌቱ አራት ቀን ያህል ይዘገያል። ሊቃውንቱ ይህንን ያረሙት የቻይናን ጥንታዊ መዛግብት ከምሕዋሩ ጋር እያስተያዩ ነው። የእኛ ዜና መዋዕሎች ውስጥ ስለ ሰማይ ምልክት የተጻፉት ቃላትም እንዲህ አንድ በአንድ ቢፈተኑ ደስ ባለኝ።

በአገር ውስጥ መሣሪያው የለም ማለት አይቻልም። የእንጦጦ ምርምር ጣቢያ በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ ነው። ችግሩ የአዲስ አበባ መብራት ከሥሩ መሆኑና የክረምቱ ደመና ነው። ለትልቅ ጣቢያ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የተጠኑትም ለዚሁ ሲሆን፣ ያው የወሎ ሰማይ ነው።

ሃሌይ በሚቀጥለው ዙር ለፀሐይ የሚቀርበው ጁላይ 28 ቀን 2061 እንደሆነ ተሰልቷል፤ በእኛ ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም.፣ ወርኃዊው የማርያም ዕለት ነው። ወሩ ሐምሌ በመሆኑ አምባሰል ላይ የሚኖረው ሰማይ ምን ዓይነት እንደሚሆን ክረምቱን የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል።