መኪና ከቡናው ብር፦ እዚህ የተገጣጠመው ወይስ ከውጭ የገባው?

ዛሬ ስለ ማሾም ስለ ታጠበ ሲዳማም አልጽፍም። ቡና ተሸጦ ሒሳብ ሲዘጋ በየዓመቱ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፤ "መኪና ልገዛ ነበር፣ እዚሁ የተገጣጠመውን ልውሰድ ወይስ ከውጭ የገባውን?" ጠያቂው አንዳንዴ አቅራቢ ነው፣ አንዳንዴ የዩኒየን ሥራ አስኪያጅ፣ አንዳንዴ እህል በረንዳ የምንተዋወቅ ነጋዴ። እኔ የመኪና ደላላ አይደለሁም፣ የቡናና የእህል ነኝ። ግን ያገናኘሁት ምርት የሚሄደው በመኪና ነው፣ መኪናው ሲቆም የኔም ስልክ ነው የሚጮኸው። ስለዚህ ያየሁትን ልበል።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለሥራ የሚገዛ መኪና ከሆነ የት ተገጣጠመ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ ኅዳር ላይ ቡና በሚለቀምበት ሰዓት መኪናው ቢቆም ዕቃው በስንት ቀን ይገኛል የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

"የአገር ውስጥ መኪና" የምንለው ራሱ ምንድን ነው? ገበያ ላይ ያሉት ሞተራቸውም ካምቢዮአቸውም ከውጭ የሚመጣ ነው። እዚህ የሚሠራው መገጣጠም፣ ብየዳ፣ ቀለም፣ አንዳንዴም አካሉ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። አምቼ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ ፊያትን፣ በኋላም ኢቬኮን ሲገጣጥም ኖሯል። በየከተማው የምንሳፈርበት ቅጥቅጥም ስሙ እንደሚነግራችሁ ነው፤ ሻንሲና ሞተሩ አይሱዙ፣ ቆርቆሮው ግን የአገር ልጅ የቀጠቀጠው። ከዚያ ሆላንድ ካር መጣ። የቻይና መኪና እየገጣጠመ "አባይ"፣ "አዋሽ"፣ "ተከዜ" የሚል የወንዝ ስም እየሰጠ ሸጠ። ደስ ይል ነበር። ግን ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከሰረና ተዘጋ። አባይን የገዛ ሰው መለዋወጫ ሲፈልግ "የአባይ ዕቃ አለህ?" ቢል ማን ይሰማዋል፤ "ሊፋን 520" ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሊፋን ራሱ ዱከም ላይ መገጣጠሚያ ከፈተ፣ ብዙ መኪናም ሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ቻይና ያለው እናት ኩባንያ በዕዳ ምክንያት ፍርድ ቤት ገባ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ያለበት ማራቶን ሞተር ደግሞ ሀዩንዳይን ይገጣጥማል፣ በ2012 ኤሌክትሪኩን ኢዮኒክ እዚሁ ገጣጥሞ አውጥቷል። ከኛው ሰፈር የወጣም አለ፤ ቅባት እህል በመላክ የምናውቀው በላይነህ ክንዴ ግሩፕ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ወደ መገጣጠም ገብቷል።

እንግዲህ የአገር ውስጡም የሚሠራው በዶላር ነው ማለት ነው። ፋብሪካው ዱከም ይሁን አዳማ፣ ሳጥኑ የሚመጣው በጅቡቲ ነው። ዶላር ሲጠፋ ከውጭ የሚገባው ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያውም ነው የሚቆመው። "የአገር ምርት ስለሆነ ሁሌም ይኖራል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ይህንን አስታውሱት።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ቻናል ላይ ያለነውን ሁሉ ይነካል። ለብዙ ዓመት የመኪና ዋጋና የቡና ዋጋ በአንድ ገመድ ታስረው ነበር። ላኪው ቡናውን ከአገር ውስጥ በውድ ይገዛል፣ ውጭ በርካሽ ይሸጣል። ሰው ሆን ብሎ ይከስራል እንዴ? አዎ፣ ምክንያቱም ቡናው ዶላር ማግኛ ብቻ ነበር። ካገኘው ዶላር ለራሱ የሚቀረው ጥቂት ቢሆንም፣ በዚያችው መኪና፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ ብረት ያስገባል። የባንኩ ዶላር 57 ብር፣ የጥቁር ገበያው እጥፍ በሆነበት ዘመን፣ አንድ ከውጭ የገባ መኪና ቡናው ላይ የጠፋውን ሁሉ መልሶ ትርፍ ይጨምራል።

ይሄ ማንን ጎዳ? መኪና የማያስገባውን። ዩኒየን ቡናውን ሰብስቦ፣ ፈልፍሎ፣ ልኮ፣ ትርፉን ለአባላቱ ማከፋፈል ነው ሥራው። ከጎኑ ያለው ተወዳዳሪ ቡናው ላይ ለመክሰር የተዘጋጀ ነው። እንዴት አድርጎ በዋጋ ይወዳደረዋል? አባላቱ እሸት ቡናቸውን ለዚያ ለከፈለው ሰጡ፣ አይፈረድባቸውም። የውጭ ገዢም የኢትዮጵያ ቡና በርካሽ እንደሚገኝ ለመደ። ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ዝቅተኛ የመላኪያ ዋጋ እያወጣ ከዚያ በታች ውል አልመዘግብም ያለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። አዲስ አበባ ላይ የምናደንቃት ነጭ መኪና ከፊሏ የተከፈለችው ከይርጋጨፌና ከጂማ ቡና ዋጋ ተቆርጦ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ነገሩ ተቀየረ። ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ገደማ ወጣ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ላኪውም ከዶላሩ ግማሹን ይዞ እንዲቆይ ተፈቀደለት። ቡና በራሱ የሚያዋጣ ሥራ መሆን ጀመረ። የኒውዮርክ ዋጋም የካቲት 2017 ላይ ለአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደረሰና አገሪቱ በዚያ በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። አሁን መኪና እንግዛ የሚሉኝ ሰዎች ብዛት የመጣውም ከዚሁ ነው።

ከውጭ የገባውን የሚያስወድደው ምንድን ነው? ቪትዝን እንይ። ሞተሯ ትንሽ፣ ውበቷም የሚያወራ አይደለም። ብዙዎቹ እዚህ የደረሱት አገልግለው ነው። ግን ሰው ቪትዝ የሚገዛው ለመንዳት ብቻ አይደለም፣ ብሩን ለማስቀመጥ ነው። ገንዘብ ባንክ ሲቀመጥ ዋጋው ይቀልጣል፤ ቪትዝ ግን ዓመት ነድተሃት ከገዛህበት በላይ ትሸጣለህ። ይሄ ሌላ አገር ያለ ሰው ቢሰማ አያምንም፣ መኪና በነዱት ቁጥር ዋጋው የሚወርድ ነገር ነው። እኛ ጋ ያልወረደው ስለ ቶዮታ ጥራት ብቻ አይደለም። ዶላር ጠፍቶ ነበር፣ ከዚያ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመጣው ኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ደረሰ፣ ከዚያ ደግሞ ጥር 2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተባለ። ያለው እንዲወደድ የተደረገው ሦስት ጊዜ ነው።

ስለዚህ በቪትዝ ያተረፈ ሰው በመኪና ብልጠት አይደለም ያተረፈው፣ በፖሊሲ ነው። ፖሊሲ ደግሞ ይገለበጣል። የዩኒየን ገንዘብ በዚህ ሂሳብ አይገዛበትም፣ የአባላት ነው። ግለሰብ ነጋዴ ግን የፈለገውን ያድርግ፣ ብሩ የራሱ ነው።

ለሥራ ወደሚሆነው ስንመጣ ሚዛኑ ይለወጣል። አንድ ወደ ዲላ መስመር የሚሠራ አቅራቢ እዚሁ የተገጣጠመ ፒክአፕ ገዛ። አዲስ ነው፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር፣ ዋስትና አለው፣ ከባንክ ብድር ጋርም ተመቻችቶ ነው የመጣው፤ ይሄ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ አላቃልለውም። መኸር መሃል ላይ የፊት ኩሽኔታው ተበላሸ። ሻጩ "ከሚቀጥለው ኮንቴነር ጋር ይመጣል" አለው። ሁለት ወር ጠበቀ። ሌላ የማውቀው ሰው ደግሞ ከውጭ ያገለገለ ፒክአፕ አስገባ፣ የሰዓቱ ቁጥር ትንሽ ኪሎ ሜትር ነው የሚያሳየው። መካኒክ ከፈተው፣ ሞተሩ ሌላ ታሪክ ነው የሚያወራው፤ ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመልሷል። ከማን ጋ ሄዶ ይከሳል? ሻጩ ባሕር ማዶ ነው። ለመጀመሪያው ሰው ቢያንስ የሚጮኽበት ቢሮ አለው።

አይሱዙን ግን ተመልከቱ። ለረጅም ጊዜ እዚሁ ሲገጣጠም ኖሯል፣ ማንም ግን "የአገር ውስጥ መኪና" ብሎ አይጠራውም። ለምን ይወደዳል? ፍሪሲዮኑ፣ የፍሬን ሸራው፣ ባሌስትራው፣ ፊልትሮው ሱማሌ ተራ ሞልቷል። ሻሸመኔም አለ፣ ጂማም አለ። ቡሌ ሆራ ላይ ቢቆም የሚያውቀው መካኒክ ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። ኦርጅናሉ ቢወደድ ሁለተኛ ደረጃው አለ፣ እሱም ቢጠፋ ከተፈታ መኪና ይወጣል። እኔ የአገር ውስጥ መኪና የምለው ይሄንን ነው፣ ፋብሪካው የትም ይሁን።

በቁጥር ለማየት ምሳሌ ልውሰድ፣ ቁጥሩን በራሳችሁ ቀይሩት። አንድ መኪና 40 ኩንታል ይጭናል፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ ለኩንታል 250 ብር ኪራይ እንበል። በሳምንት 30,000 ብር ነው። ስድስት ሳምንት ከቆመ 180,000 ብር ሄደ። ሲገዛ በ200,000 ብር የረከሰ መኪና ቅናሹን በአንድ መኸር በልቶ ሊጨርሰው ትንሽ ቀረው ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ ደረቅ ጭነት ከሆነ ነው። እሸት ቡና ከሆነ ሌላ ነው፤ የተለቀመው በዚያው ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ደረጃ 1 ይወጣ የነበረ ቡና ቀማሾች ጋ ሲደርስ ይወርዳል። ያንን ኪሳራ የትኛውም የመኪና ዋስትና አይከፍልም።

ስለ ኤሌክትሪኩም ጠይቃችኋል። ከገንዘብ ሚኒስቴር ሲወጣ ሂሳቡ ግልጽ ነበር፤ ተጨማሪ እሴት፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ ተነሣለት፣ ጉምሩኩ ደግሞ ሙሉ ሆኖ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣው ዜሮ። መገጣጠሚያው እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ልዩነት በእጁ ይዟል ማለት ነው። ያ ልዩነት ለእናንተ ደርሷል ወይስ ሻጩ ኪስ ገብቷል? ሙሉ ሆኖ ከገባው ተመሳሳይ መኪና ጋር ዋጋውን አስተያዩና ተደራደሩበት፣ ብዙ ሰው ይሄንን አይጠይቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከቢሮ ምርት ገበያ፣ ከምርት ገበያ ባንክ ለሚመላለስ ሰው ኤሌክትሪክ ግሩም ነው። የነዳጅ ሰልፍ የለ፣ ዘይት የለ፣ ማታ ግቢ ውስጥ ሰክቶ ያድራል። ጂማ ግን 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መሃል ላይ የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ወረቀቱ ላይ 600 ኪሎ ሜትር የሚል ባትሪ በዳገት፣ በጭነትና በፍጥነት ወረቀቱን አያከብርም። ከዚያ ወደ ጎማ ገጠር ለመግባትና ለመመለስ መብራት ያለበት ከተማ ላይ መቆም አለ፣ መብራቱ ካለ። ለቡና ገዢ መኪና በዚህ ሰዓት አልመክርም። ለከተማው ግን ዛሬ ብገዛ እሱን ነው የምገዛው።

ዩኒየኖች ጨረታ ስታወጡ የማየው ነገር ቢኖር ውድድሩ ዋጋ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ አሸነፈ፣ ተፈረመ፣ በቃ። በጨረታው ሰነድ ላይ ሻጩ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ራዲያተርና የፍሬን ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ ዛሬ እንዳለው እንዲያሳይ ጠይቁ፤ ይላክልኛል የሚለውን አትቀበሉ፣ ሰው ልካችሁ ቆጥሩ። ዕቃ ቢዘገይ በቀን ምን ያህል እንደሚቀጣ ውሉ ላይ ይግባ። ካላስገባ ለምን እንደሆነ ጠይቁት፣ መልሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ያንን ሞዴል ሁለት መኸር የነዳ ሹፌር ፈልጉና ሻይ ጋብዙት፣ ከሻጩ ብሮሹር የበለጠ ያውቃል።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አስተያዩ፣ የቀረጥ ወረቀቱን እዩ፣ የባንክ ዕዳ እንደሌለበት ከመንገድ ትራንስፖርት አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ሲሆን በተለይ ተጠንቀቁ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፣ "በኋላ እናዞረዋለን" በሚል ውክልና ተይዞ የሚነዳ ስንት መኪና አለ። ሊብሬው በስማችሁ ሳይዞር የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።

በየትኛው ሞዴል ላይ ዕቃ አስቸገራችሁ፣ የትኛውስ አልቆመም? በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስም ሳልጠቅስ ሰብስቤ እለጥፋለሁ። የነገ የምርት ገበያ ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይወጣል።