ኤሌክትሮኒክ ድራም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ፡ ከመግዛት በፊትና በኋላ

በከተሞች የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች እየተበራከቱ በመጡበት በአሁኑ ወቅት ድራም በቤቱ ሊለማመድ የሚፈልግ ነዋሪ በቅድሚያ የሚገጥመው ጥያቄ ከገንዘቡ ይልቅ የድምፁ ጉዳይ ነው። ክራርና ጊታርን በለሆሳስ መጫወት ይቻላል። የተለመደው ድራም ግን ሲመታ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ሊበልጥ ስለሚችል በሦስተኛ ፎቅ የሚለማመድ አንድ ወጣት የብሎኩን ነዋሪ በሙሉ ሳይወድ በግድ ታዳሚ ያደርገዋል።

ጉዳዩ ከጨዋነትም አልፎ የሕግ ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ላይ ማንኛውም ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይደነግጋል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ የቤት ባለቤቶች በማህበር ተደራጅተው ሕንፃውን እንዲያስተዳድሩና የመተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጡ መሠረት ጥሏል። በድራም ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው በአንቀጽ 1225 መጨረሻ ላይ የሰፈረው “ንዝረት” የሚለው ቃል ነው። ብዙ ገዥዎች ጩኸቱን ለማስቀረት ገንዘባቸውን ካወጡ በኋላ የሚሰናከሉት በዚሁ ነውና።

ኤሌክትሮኒክ ድራም በመሠረቱ ቆዳና ነሐስን በፓድ የተካ መሣሪያ ነው። በእያንዳንዱ ፓድ ሥር ግፊትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒኤዞ የተባለ ትንሽ ሴንሰር ተለጥፎ ይገኛል። ዱላው ፓዱን ሲመታ ሴንሰሩ አነስተኛ ቮልቴጅ ያመነጫል። ሞዱል የሚባለው ሳጥን የቮልቴጁን መጠን ለክቶ ምቱ ጠንካራ ወይም ለስላሳ መሆኑን ይለያል፣ ከማኅደሩም ተመጣጣኙን የተቀዳ ድምፅ አውጥቶ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ይልካል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ስለሚከናወን ተጫዋቹ መዘግየቱን አያስተውለውም። ይህ መሣሪያ ከድራም ማሽን ጋር መምታታት የለበትም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ከአኮርዲዮኑ ጋር የተጠቀመበት ዓይነት ድራም ማሽን ምቱን አስቀድሞ ተቀብሎ ራሱ የሚደግም ሲሆን፣ ኤሌክትሮኒክ ድራም ግን ሰው በእጁና በእግሩ ካልመታው ድምፅ አያወጣም።

መሣሪያው ከባለሙያ ስቱዲዮ ወደ መኖሪያ ቤት ለመግባት ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ የተሠራው የሲሞንስ ኩባንያ ኤስ ዲ ኤስ-5 ባለ ስድስት ጎን ፓዶቹ እጅግ ደረቅ ስለነበሩ የተጫዋቾችን አንጓ ያሳምም ነበር። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1997 የጃፓኑ ሮላንድ በጥሩ ሁኔታ የተወጠረ የመረብ ቆዳ ያለውን ቪ-ድራም ለገበያ ሲያቀርብ ነው። መረቡ አየር ስለሚያሳልፍ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ አነስተኛ ነው፤ ዱላውንም እንደ እውነተኛ ቆዳ መልሶ ያነጥራል። ያኔ በባለሙያ ዋጋ ይሸጥ የነበረው ይህ የመረብ ቆዳ ዛሬ በርካሽ ስብስቦች ላይም ይገኛል።

ለጀማሪ ከሚቀርቡት መካከል አሌሲስ ናይትሮ ሜሽ ለአብነት ሊጠቀስ ይችላል። አራት ባለ 8 ኢንች የመረብ ፓዶች፣ ሦስት ባለ 10 ኢንች የላስቲክ ሲምባሎች፣ የእግር ፓድና ፔዳል እንዲሁም የሃይ-ሃት መቆጣጠሪያ አሉት። የያማሃ ዲ ቲ ኤክስ 402 ተከታታይም በዚሁ የጀማሪዎች ጎራ የሚመደብ ሲሆን ፓዶቹ ከላስቲክ የተሠሩ ናቸው። የዚህ ደረጃ ስብስቦች ዋጋ በአሜሪካ ገበያ በአብዛኛው ከ300 እስከ 500 ዶላር ነው። ማጓጓዣና ቀረጥ ሲታከልበት ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የወራት ደመወዝ የሚጠይቅ ወጪ በመሆኑ፣ ምን ላይ ማተኮር እንደሚገባ አስቀድሞ መለየት ይጠቅማል።

ሻጮች በቅድሚያ የሚያነሱት የድምፆችን ብዛት ነው። ናይትሮ ሜሽ 385 ድምፆችና 40 የድራም ዓይነቶች እንዳሉት ይነገርለታል። ይሁንና አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሦስት ወይም ከአራት የሚበልጡትን የሚጠቀምበት አጋጣሚ እምብዛም ነው። ከዚህ ይልቅ ስኔሩ መሐሉና ጠርዙ ሲመታ ሁለት የተለያዩ ድምፆች መስጠቱ፣ ሃይ-ሃቱ በእግር ሲከፈትና ሲዘጋ ልዩነቱ መሰማቱ፣ ሲምባሉ በእጅ ሲያዝ ድምፁ መቆሙ በተግባር መፈተሽ አለበት። የእግር ፓዱም በፔዳል ሲረገጥ ወደ ፊት የሚንሸራተት ከሆነ ልምምዱ ሁሉ መሣሪያውን በማባረር ያልቃል። ዱላ፣ መቀመጫና የጆሮ ማዳመጫ በብዙ ስብስቦች ውስጥ ስለማይካተቱ ዋጋው ሲሰላ አብረው ሊታሰቡ ይገባል። በተለይ መቀመጫው መናቅ የለበትም። የሳሎን ወንበር ከፍታው የማይስተካከል በመሆኑ ጀርባን ያደክማል፣ እግርም እንደ ልብ እንዳይንቀሳቀስ ያግዳል።

መሣሪያውን ከአሜሪካ በዘመድ በኩል ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ሁለት ነገሮችን ቀድሞ ቢያጣራ ይበጀዋል። አንደኛው ለሞዱሉ ኃይል የሚሰጠው አዳፕተር ነው። በላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ከሌለበትና ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በኢትዮጵያ 220 ቮልት መስመር ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ሁለተኛው ክብደቱና የካርቶኑ ስፋት ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ግራም ነው። የቀረጡን ልክ በተመለከተ ከዘመድ ግምት ይልቅ የጉምሩክ ኮሚሽንን አስቀድሞ መጠየቅ አስተማማኝ ነው። ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ሞዱሉን ከስታቢላይዘር ጋር ማገናኘት ከብልሽት ይታደገዋል።

መሣሪያው ቤት ከገባ በኋላ የንዝረቱ ጉዳይ ይነሳል። በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው የሚሰማው የዱላውን ቀጭን ጠቅታ ብቻ በመሆኑ ተጫዋቹ ጸጥታ የሰፈነ ይመስለዋል። ከታች ላለው ቤተሰብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ጉልበቱ በብረት እግሮቹ በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ኮንክሪት ደግሞ ንዝረትን በቀላሉ አስተላላፊ በመሆኑ በታችኛው ቤት ጣሪያ ላይ የዱብ ዱብ ድምፅ ይሰማል። በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ ለዚህ አይፈይድም። እርሱ የሚያግዘው በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ለመቀነስ ነው። ምንጣፍ ብቻውንም ጠቅታውን እንጂ ንዝረቱን አያቆምም።

መፍትሔው መሣሪያውን ከወለሉ መለየት ነው። በብዙ አገሮች ያሉ ተጫዋቾች የሚሠሩት ቀላል መድረክ አለ። ሁለት ጠንካራ የእንጨት ሰሌዳዎች ተነባብረው፣ በመካከላቸው በርካታ የቴኒስ ኳሶች ተራርቀው ይደረደራሉ። ኳሶቹ ከቦታቸው እንዳይንከባለሉ በታችኛው ሰሌዳ ላይ ቀዳዳ ይበጅላቸዋል። ከላይ ምንጣፍ ይነጠፍና ድራሙም ተጫዋቹም በላዩ ይሆናሉ። በኳስ ፋንታ ወፍራም ለስላሳ ላስቲክ መጠቀምም ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር በሰሌዳዎቹ መካከል ኳስና አየር እንጂ አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ ምስማር አለመኖሩ ነው፤ አንዲት ምስማር እንኳ ንዝረቱን ታሻግራለች። ይህም ሆኖ ንዝረቱ ፈጽሞ አይጠፋም። ስለሆነም ከመግዛት በፊት የታችኛውን ቤት ነዋሪ ማነጋገር፣ ከተገዛም በኋላ አንድ ሰው ሲረግጥ ሌላው ወርዶ እንዲያዳምጥ ማድረግ ተገቢ ነው። የምድር ቤት ነዋሪ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው።

የጆሮ ማዳመጫው ጎረቤትን ቢያሳርፍም የተጫዋቹን ጆሮ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በሥራ ቦታ ለ85 ዴሲቤል ድምፅ የሚፈቅደው መጋለጫ በቀን 8 ሰዓት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚሁ ስሌት 94 ዴሲቤል 1 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና የውጭውን ጠቅታ የሚያግድ ማዳመጫ መምረጥ የሚመከረውም ተጫዋቹ በድምፅ ላይ ድምፅ እንዳይጨምር ነው። ወላጆች ለልጆቻቸው ሲገዙ የሞዱሉን የድምፅ መቆጣጠሪያ ራሳቸው አስተካክለው ማዳመጥ ይኖርባቸዋል።

ልምምዱ በሜትሮኖም ቢጀመር ይመረጣል። ሜትሮኖም በአብዛኞቹ ሞዱሎች ውስጥ ይገኛል። በደቂቃ 60 ምት ላይ አስቀምጦ ቀኝ እጅ ሃይ-ሃቱን ስምንት ጊዜ እንዲመታ፣ ቀኝ እግር በ1 እና በ3፣ ግራ እጅ በስኔሩ ላይ በ2 እና በ4 እንዲገቡ ማድረግ የተለመደው መነሻ ነው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ መለያ ወደሆነው ችክችካ ለመሸጋገር ግን ይህ አይበቃም። ችክችካ ስድስት ፈጣን ምቶችን በሁለት ሦስት ሦስት ከፍሎ የሚሄድ ሲሆን ክብደቱ በ1 እና በ4 ላይ ያርፋል። ያንኑ ስድስት ጆሮ ሦስት ሁለት ሁለት አድርጎም ሊሰማው ስለሚችል፣ እጅና እግር በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ይሳባሉ። አስቸጋሪነቱም ጣዕሙም ከዚህ ይመነጫል። በውጭ አገር ሞዱሎች ውስጥ ለልምምድ የሚጫኑት ሙዚቃዎች በአብዛኛው ሮክ፣ ፖፕና ጃዝ በመሆናቸው ተማሪው ሞባይሉን ከሞዱሉ የድምፅ መግቢያ ጋር አገናኝቶ በሚያውቃቸው የአገር ውስጥ ዜማዎች ላይ ቢለማመድ የተሻለ ነው። የከበሮ ድምፅ የሚፈልግ ደግሞ ሞዱሉን በዩ ኤስ ቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር በማያያዝ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሚዲ በተሰኘው ሥርዓት አማካይነት ራሱ የቀዳውን ከበሮ በፓዱ ሊያሰማ ይችላል።

ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩ ኃይል ሰክቶ እንዲያሳየው መጠየቅ አለበት። እያንዳንዱን ፓድ በቀስታም በኃይልም መምታት፣ አንዱ ሲመታ ሌላው ሳይነካ ድምፅ እንዳያወጣ ማስተዋል፣ ገመዶቹን ከመግቢያቸው አጠገብ ነቅነቅ አድርጎ ድምፁ መቆራረጡን መመልከት ያስፈልጋል። የተቀደደ የመረብ ቆዳ ተለዋጭ ስለሚገኝለት ብዙ አያሳስብም። ሞዱሉ ከተበላሸ ግን የቀሩት ዕቃዎች ብረትና ላስቲክ ብቻ ናቸው።