አስማሚው ጮክ ብሎ የማይናገረው

በፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚቀመጥ ሰው ገለልተኛ ነው። ለተጎዳው ሠራተኛ ጠጋ ብሎ "ቆይ፣ አትፈርም" ሊለው አይችልም። እኔም ጠረጴዛው ላይ አልለውም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ በአንደበት አይወሰንም። የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ የሚሰጠው የጉዳት መቶኛ ነው። ይህን የሚያውቅ አሠሪ ደግሞ ከቦርዱ በፊት መታረቅ ይፈልጋል። ፕሬስ ማሽን ሁለት ጣቱን የወሰደበት ልጅ እጁን ጃኬት ኪሱ ውስጥ ከቶ ይቀመጣል። ከወዲያ በኩል ተተይቦ ያለቀ ወረቀት ይገፋለታል፦ "ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላነሳም።" የገንዘቡ ቦታ ብቻ ክፍት ነው። የቤት ኪራይ ለተጠራቀመበት ሰው 30,000 ብር ብዙ ነው።

እስቲ እናስላው። የጡረታም የመድን ሽፋንም ለሌለው ሠራተኛ፣ ቋሚና ሙሉ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይከፍላል፤ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ። በወር 8,000 ብር የሚያገኝና 25 በመቶ የተጎዳ ሰው ድርሻው 120,000 ብር ነው። በዚህ ጊዜ ከእኔ የሚጠበቀው ሁለቱንም ወገን "የቦርድ ማስረጃ ቀርቧል?" ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ስንቱን ቀጠሮ እንዳስቀየረ!

ሌላው ምስጢር፣ የሚከፍለው አካል ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የለም። አሠሪው መድን ከገባ መድን ድርጅቱ ነው፤ ካልገባና ሠራተኛው የጡረታ ሽፋን ካለው ጉዳዩ በጡረታ ሕጉ ይታያል። የመጣው ተወካይ የመወሰን ሥልጣን እንዳለው መጀመሪያ ካልተጠየቀ፣ ከሰዓት ሙሉ ክርክር በኋላ "አለቆቼን ላማክር" ብሎ ይነሳል።

"ራሱ ነው ያልተጠነቀቀው" የሚለው ክርክርም ያስፈራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከተገኘ ሌላ ነገር ነው። ተራ መዘናጋት ከዚህ አይቆጠርም።

በሕክምና ላይ እያለ የተከፈለው ደመወዝም እንደ ቸርነት ሲነገርለት እሰማለሁ። ሕጉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከግማሽ ያላነሰ ይላል። ከቋሚ ጉዳት ካሳው የተለየ ክፍያ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጊዜው ነው። "እኛው በሽምግልና እንጨርሰዋለን፣ ምን ፍርድ ቤት ያስኬዳል?" ይባላል። ሠራተኛው ይሉኝታ ይይዘዋል። ሽማግሌ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ክስ ለማቅረብ የተወሰነው የአንድ ዓመት ይርጋ ግን ይቆጥራል። አሠሪው መብቱን በግልጽ ካላመነለት፣ ሽምግልና ላይ መቀመጡ ብቻ ይርጋውን አያቋርጥም። ክሱ ሽምግልናው እየተካሄደም ቢሆን ይከፈት። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት አይከፍልም፤ መዝገቡ ከተከፈተ በኋላም ወደ አስማሚ መምጣት ይቻላል። ስምምነቱን ችሎት መዝግቦ ካጸደቀው ደግሞ አሠሪው ባይከፍል በአፈጻጸም ይጠየቃል።