ወንዙ ያልዘለቀውን ቦክሰኛው ዘለቀው

የፉልሃምን ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚከታተል ደጋፊ ክሬቨን ኮቴጅ ከቴምስ ወንዝ ዳር የተሠራ ስታዲየም መሆኑን ያውቃል። በዚያው ወንዝ ዳር፣ ከምንጩ ጀምሮ ለንደንን የሚያቋርጥ 294 ኪሎ ሜትር ያህል የእግረኛ መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተ። ምልክቱን ተከትሎ መሄድ ነው። ሲመሽ ማደሪያ፣ ሲደክም ባቡር አይጠፋም።

ወደ እኛ ሲመጣ ጨዋታው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደረሳል፤ የዓለም የ10 ሺህ ሜትር ሻምፒዮና ጌጤ ዋሚን ያፈራ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀጥሉ አንኮበር። እዚያ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው፣ ሳያውቀው በሁለት ባላንጣ ውሃዎች መሃል ነው የቆመው። ከኋላው፣ ደብረ ብርሃንን የሚያልፈው በሬሳ ወደ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ከአባይ ይቀላቀላል፤ አባይም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የህዳሴ ግድብ አልፎ እስከ ሜዲትራኒያን ይወርዳል። ከፊቱ ቁልቁል የሚሮጠው ውሃ ግን የአዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባህር አይቶ አያውቅም። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከታጁራ ባህረ ሰላጤ ጫፍ የሚለየው እኮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው! በረኛውን አልፎ ባዶ ጎል ፊት እንደ መውደቅ ቁጠሩት።

ከአንኮበር እስከ ታጁራ ያለውን መንገድ የጨው ነጋዴዎች ድሮም ያውቁታል። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ ነበር፤ በሌሊት በተጣለ አደጋም ሦስት ሰዎቹን አጥቷል። ወንዙን ራሱን እየተከተለ መጨረሻው የት እንደሆነ ሊያይ የተነሳው ግን ሌላ ሰው ነው።

ዊልፍሬድ ቴሲገር ይባላል። ፈረንጅ ነው እንጂ የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ሲሸነፉ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ድል አድራጊው ጦር ሲገባ ያየው ዛሬ ኳስና አገር አቋራጭ ሩጫ በምናውቀው ጃንሜዳ ነው። ጎልምሶ ኦክስፎርድ ሲገባ ደግሞ ቦክስ ያዘ፤ አፍንጫው ተሰበረ፣ የዩኒቨርሲቲውም ቡድን አምበል ሆነ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል ተጋብዞ በመጣበት ወቅት ነው የአዋሽ ነገር በጭንቅላቱ የገባው። ውሃው የት ነው የሚጠፋው?

እ.ኤ.አ. በታህሳስ 1933 ከአዋሽ ጣቢያ ሲነሳ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ጓደኛው ዴቪድ ሄይግ ቶማስም ቀላል ስፖርተኛ አልነበረም፤ በ1932 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በስምንት ሰው ቀዘፋ ለእንግሊዝ ቀዝፎ አራተኛ ወጥቷል። ነገር ግን የኦሊምፒክ ሳንባ ለበረሃ ዋስትና አይሆንም። ታመመና ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ከሜዳ ወጣ፤ ተቀያሪ ደግሞ የለም።

ቴሲገር ብቻውን ቀጠለ ሲባል፣ መንግሥት «ተመለስ» አለው። ስጋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሙንዚንገር የተባለው የግብጽ ጦር መሪ እ.ኤ.አ. በ1875 አውሳ ላይ ከነሠራዊቱ ያለቀበት አገር ነው። ልጁ አዲስ አበባ ተመልሶ ደጅ ጠና፤ አንድ ነገር ቢደርስበት መንግሥት ተጠያቂ እንደማይሆን በደብዳቤ ፈርሞ ተፈቀደለት።

በሁለተኛው ሙከራ ወንዙን ይዞ አውሳ ደረሰ። ወሳኙ ፍልሚያ እዚህ ነበር፣ ያውም ያለ ጥይት። ሱልጣን መሐመድ ያዮ በጨረቃ ብርሃን፣ በጫካ መሃል ባለ ሜዳ፣ ከወታደሮቻቸው ጋር ተቀበሉት። «አይሆንም» ቢሉት ጉዞው እዚያው ያበቃ ነበር፤ ምናልባትም እሱ ራሱ። ፈቀዱ። ለፈረንጅ የተዘጋው በር ተከፈተለት።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ሰውየው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ግመል የሚጭኑ፣ ጠመንጃ ይዘው የሚያድሩ ሰዎች አብረውት ነበሩ፤ የሶማሌው አለቃቸው ዑመር በየመንደሩ ነገር ባያበርድ ኖሮ አምበሉ የትም አይደርስም ነበር። ጎል አግቢው ነው ስሙ የሚጠራው፤ የታወቀ ነው።

አቤ ሐይቅ ሲደርሱ የጥያቄው መልስ ተገኘ። ውሃው የሚሄድበት የለም፤ ፀሐይ ትጠጣዋለች። እዚህ ላይ ፊሽካ ቢነፋ ማንም ባልወቀሰው። ቴሲገር ግን ጭማሪ ሰዓቱንም ተጫወተው። ወንዝ በሌለበት፣ በጥቁር ድንጋይና በአሳል ሐይቅ ጨው በኩል ወደ ባህሩ ቀጠለ። ከግመሎቹ አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ላይ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1934 ታጁራ ገባ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ።

ሙሉውን ለመሞከር ለሚያስብ ደጋፊ ምልክትም ማደሪያም ዛሬም የለም፤ ድንበርም አለ። ለቅምሻ ያህል ግን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ወደ ጥንቱ የቅፍለት ነጋዴዎች ገበያ፣ ቁልቁል መውረድ ይቻላል። ጉልበት የሚፈተነው ሲወርዱ ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ሳንባ።