አብሮ መዘመር ብቻውን ይበቃል?

እሑድ ጠዋት ጉባኤው በአንድ ድምፅ ሲዘምር ልባችሁ ሞቅ ይላል፤ ብቸኝነትም ለጊዜው ይረሳል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች በአንድነት ሲሰበሰቡ ስሜታቸው እርስ በርስ እየተቀጣጠለ «እኛ» የሚያሰኝ ኃይል እንደሚወልድ አስረድቷል።

ታዲያ ይህ ሙቀት ሰኞ ዕለት የት ይገባል?

ቼዩን ሊምና ሮበርት ፑትናም በአሜሪካ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ልብ የሚነካ መልስ አለው። በየሳምንቱ ከሚያመልኩና በጉባኤያቸው ከሦስት እስከ አምስት የቅርብ ወዳጆች ካሏቸው ሰዎች 33 በመቶው በሕይወታቸው እጅግ እንደረኩ ተናገሩ። በየሳምንቱ እየመጡ አንድም የቅርብ ወዳጅ ከሌላቸው ግን እንዲህ ያሉት 19 በመቶ ብቻ ናቸው።

እናንት ባለ ትዳሮች፣ ከቡራኬ በኋላ ወዲያው ወደ ቤት የምትሮጡ ከሆነ፣ ሐዘን ወይም የትዳር ፈተና ሲመጣ በራችሁን የሚያንኳኳው ማን ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 12፥15 ደስታንም ልቅሶንም እንድንካፈል አዞናል። የማናውቀውን ሰው ልቅሶ ግን እንዴት እንካፈላለን?

በዚህ ሳምንት አንድ ቤተሰብ ቡና ጋብዙ። ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ሸክማቸውንም እወቁ፤ የእናንተንም አትደብቁ።