ውኃውን የሚያመጣውስ ማን ነው?

በቤትዎ ስፖርት የሚወድ ወጣት ልጅ ወይም ባለቤት ካለ፣ ሰኔ ሊወጣ ሐምሌ ሊገባ ሲል አንድ ክርክር ሳይሰሙ አይቀሩም። ይኸውም በየዓመቱ በፈረንሳይ አገር ስለሚካሄደው ታላቅ የብስክሌት ውድድር፣ ስለ ቱር ደ ፍራንስ ነው። «ዘንድሮ የሚያሸንፈው እገሌ ነው»፣ «የለም፣ የእገሌ ቡድን ይበልጣል» እየተባለ ጨዋታው ሲጦፍ፣ እርስዎ «እኔን ምን አገባኝ!» ብለው ወደ ማዕድ ቤት ያመሩ ይሆናል። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በሽንፋ ከተማ በአንዲት እናት ሻይ ቤት የሰማሁት ክርክር ስለሆነ፣ እስቲ አብረን እንመልከተው።

ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር፣ በመተማ ቆላ የምትገኝ፣ ከሱዳን ጠረፍ ብዙም ያልራቀች አነስተኛ ከተማ ናት። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። እኔ ለሥራ ወደዚያ የሄድሁት በ2014 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ነበር። ጊዜው የዘር ወቅት ቢሆንም፣ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የዋልካውን መሬት አጨቅይቶት ትራክተር ወደ እርሻ መግባት አልቻለም። በዚህም ምክንያት ሥራ የፈታው ወንድ ሁሉ በሻይ ቤቷ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድሯል። ከሻይ ቤቷ አጠገብ ብስክሌት የሚጠግን አንድ ጎሚስታ አለ። ያደገው ብስክሌት በሚበዛባት በባሕር ዳር ነው። ከመነዳሪ እየለጠፈ ወሬውን የሚመራው እሱ ነበር።

ውድድሩ ሰኔ 24 ቀን ሊጀመር የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ጎሚስታው «ፖጋቻር ነው፤ ሌላ የለም» አለ። ታዴይ ፖጋቻር የተባለው ስሎቬናዊ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ውድድር በተከታታይ አሸንፏል። በአካባቢው ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ወጣት ግን አልተስማማም። «ፖጋቻር ብቻውን ነው። ጁምቦ ቪስማ የሚባለው ቡድን ግን ሮግሊችንና ቪንገጎርን ይዟል። ሁለት አለቃ ያለው ቡድን አንዱን ሲይዙት ሌላው ያመልጣል» ሲል ተከራከረ። ሦስተኛው ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በውድድሩ ባለመካተቱ አዘነ። ቢንያም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ጌንት ቬቬልገም የተባለውን የቤልጅግ ውድድር፣ በግንቦት ደግሞ በጣሊያን ዙር አንዱን የጉዞ ቀን አሸንፎ ነበር። የእኛው የመቀሌ ልጅ ጽጋቡ ግርማይም ተነሣ። በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ጎሚስታውም «እኛ እኮ ለብስክሌት አዲስ አይደለንም! በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩን» ብሎ ጨመረበት።

ባለሻይ ቤቷ እስከዚህ ድረስ ብርጭቆ እያጠበች በዝምታ ታዳምጥ ነበር። ድንገት ቀና አለችና፣

«ቆይማ፣ እነዚህ ሁሉ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲጋልቡ፣ ውኃውን የሚያመጣላቸው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

ሁሉም ሳቁ። ጎሚስታው ግን አልሳቀም። «እታለም፣ ዋናውን ነገር ጠየቅሽ» አለና ያስረዳት ጀመር።

ውድ አንባቢዬ፣ እኔም በዚያች ቀን የተረዳሁትን ባጭሩ ላካፍልዎ። ቱር ደ ፍራንስ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሩጫ አይደለም። በ21 የውድድር ቀናት ተከፋፍሎ ከ3,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጋለብበት የሦስት ሳምንት ጉዞ ነው። የየዕለቱ ሰዓት እየተደመረ፣ በጠቅላላው አነስተኛ ጊዜ የወሰደው ሰው ቢጫ ሹራብ ይለብሳል። በዚያ ዓመት የተሰለፉት 22 ቡድኖች ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ቡድን 8 ጋላቢዎች ነበሩ። ከእነዚህ ስምንት ሰዎች ለማሸነፍ የሚጋልበው ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት አጋዦች ይባላሉ። ከፊቱ ሆነው ነፋሱን ይከላከሉለታል፤ ከሰው ኋላ የሚጋልብ ጉልበቱ ይቆጠባልና። ወደ ኋላ ተመልሰው ከቡድኑ መኪና የውኃ ኮዳ በደረታቸውና በጀርባቸው ሸጉጠው ያመጡለታል። ጎማው ቢተነፍስበት የራሳቸውን አውልቀው ይሰጡታል። ማታ ግን በመድረኩ ላይ የሚወጣው እሱ፣ ስሙ የሚጠራውም የእሱ ነው።

«ታዲያ ለእነዚያ ምን ይደርሳቸዋል?» አለች እናቲቱ።

«ያሸነፈው የሽልማቱን ገንዘብ ለቡድኑ ማካፈል ልማድ ነው» አላት።

«እሱስ ደግ ልማድ ነው» አለችና በጓሮ በር በኩል ተመለከተች። በዚያች ቅጽበት የ13 ዓመት ልጇ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ጎንበስ ብላ ገባች። ልጅቷ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በቀን ሦስት ጊዜ ውኃ ትቀዳለች። ከእሷ በሁለት ዓመት የሚበልጠው ወንድሟ ደግሞ ብስክሌቱን ለጎሚስታው ሰጥቶ፣ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ስለ ፖጋቻር ይከራከራል። እንግዲህ በዚያች ቤት ውኃ የሚሸከመው ጀርባ ሌላ፣ ብስክሌት የሚነዳው ሰው ሌላ ነበር።

ልጅቷ ጀሪካኑን አውርዳ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ ለጎሚስታው አንድ ጥያቄ አቀረበች። «ጋሼ፣ ሴቶች የሚወዳደሩበትስ የለም?»

አለ፣ እህቶቼ። በ1976 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ በ18 የውድድር ቀናት ተካሂዶ፣ ማሪያን ማርቲን የተባለች አሜሪካዊት አሸንፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሴቶቹ ውድድር ሲቋረጥ፣ ስሙ ሲለወጥ፣ እንደገና ሲጀመር ቆይቶ በመጨረሻ ቀረ። በአዲስ መልክ የተመለሰው ልክ በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለስምንት ቀናት ተካሂዶ ያሸነፈችው ሆላንዳዊቷ አንሚክ ፋን ፍሉተን ናት። ዕድሜዋ 39 ዓመት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ሕመም ይዟት ስትሰቃይ ሰንብታ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት የተራራ ቀናት ሁሉንም ጥላ ሄደች። ሽልማቷ 50,000 ዩሮ ነበር። በዚያው ዓመት የወንዶቹ አሸናፊ ያገኘው 500,000 ዩሮ መሆኑን ስንሰማ፣ የሴት ድካም በአንድ አሥረኛ መመዘኑ በእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን።

የእኛ ሴት ልጆችም ወደ ኋላ አላሉም። ሰላም አምሃ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክላ በብስክሌት ተሰልፋለች። ከትግራይ የወጣችው እየሩ ገብሩ ደግሞ አገሯ በጦርነት ላይ ሳለች በአውሮፓ ቀርታ፣ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም ተወዳድራለች። የእሷን ታሪክ ሳስብ ደስታና ሐዘን ይደባለቁብኛል።

ወደ ሽንፋዋ ልጅ እንመለስ። እናቲቱን ለብቻዋ ሳገኛት «ለምን እሷም በብስክሌቱ ውኃ አትቀዳም?» ብዬ ጠየቅኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ ስትቀመጥ ያልሆነ ነገር ይደርስባታል ይላሉ። ነገ ስትዳር ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ይህን ፍርሃት ከብዙ እናቶች ሰምቼዋለሁ፤ ምናልባት በእርስዎም ልብ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ በግልጽ መነጋገር ይገባናል። የድንግልና ስስ ቆዳ ከልጅ ልጅ የሚለያይ፣ በተፈጥሮም በልዩ ልዩ ምክንያትም ቅርጹን የሚለውጥ በመሆኑ፣ የሴትን ልጅ ጠባይ የሚመሰክር ምልክት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትም ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ የድንግልና ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና መቅረት እንዳለበት አስታውቋል። በሌለ ምልክት ምክንያት ልጃችን 20 ሊትር ውኃ በጀርባዋ ስትሸከም ትኑር ማለት ፍርድ አይደለም። ጀርባዋን የሚጎዳው ኮርቻው ሳይሆን ጀሪካኑ ነው።

እናቲቱ ያን ዕለት መልስ አልሰጠችኝም። በነሐሴ ወር ስልክ ደውዬ ስለ ጤንነቷ ከጠየቅኋት በኋላ ስለ ልጅቷ አነሣሁ። ስቃ «መጀመሪያ የእነሱን ልንገርሽ» አለችኝ። መምህሩ ክርክሩን ረትቷል። ያሸነፈው ዴንማርካዊው ዮናስ ቪንገጎር ነበር። ነገር ግን ሐምሌ 6 ቀን በተራራው ላይ ፖጋቻርን ደጋግሞ እየወጋ ያደከመለት፣ ከቀናት በፊት ወድቆ ትከሻው የወለቀው ሮግሊች ነው። የኋላ ኋላም ሮግሊች ሕመሙ ስለጠናበት ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ሐምሌ 14 ቀን ደግሞ በሌላ ተራራ ላይ ቤልጅጋዊው ቫን አርት ከፊት ሆኖ እየጎተተ ፖጋቻርን አስቀረለት። እናቲቱ ይህን ሁሉ ከጎሚስታው ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች።

«የኛ ቤት ቡድንስ?» አልኋት።

«ልጁ አሁን ጠዋት ጠዋት በብስክሌቱ ኋላ ሁለት ጀሪካን እየጫነ ውኃውን ያመጣል። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። እሷ ደግሞ ማታ ማታ መንዳት ትማራለች። አንድ ጊዜ ወድቃ ጉልበቷ ተልጧል። ጎረቤትም አላረፈም፤ ይናገራል» አለችኝ። ቀጥላም «ትምህርት ሲከፈት ግን ውኃ ቀድታ አርፍዳ አትገባም» አለች።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚያ ወዲህ ክርክሩን በሌላ ጆሮ አዳምጠዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር በስፔን ዙር ሴፕ ኩስ የተባለ አሜሪካዊ አሸነፈ። ኩስ ለዓመታት ቪንገጎርንና ሮግሊችን በተራራ ላይ ሲያግዝ የኖረ ሰው ነው። ተራው ሲደርሰው እነሱ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው ከጎኑ ቆሙ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በሴቶቹ ቱር ደ ፍራንስ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ዴሚ ፎለሪንግ በአምስተኛው ቀን ወደቀች። ቡድኗ ተሰብስቦ አልጠበቃትም የሚል ብዙ ወቀሳም ተነሣ። በመጨረሻው ቀን ተራራውን አንደኛ ሆና ብትወጣም፣ ውድድሩን ለፖላንዳዊቷ ካሻ ኒየቪያዶማ በ4 ሴኮንድ ብቻ ተሸነፈች። ሲያግዝ የኖረን ማስቀደም ምን ያህል እንደሚያምር፣ የወደቀን አለመጠበቅም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከእነዚህ ሁለት ውድድሮች መማር ይቻላል።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በብዙ ቤታችን ግን ሃምሳው ሎሚ የተጫነው በአንዲት እናትና በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ነው። እርስዎ ከፋብሪካ ወይም ከቢሮ ደክመው ሲገቡ ሊጡን ማን አቦካው? ውኃውን ማን ቀዳው? ሴት ልጅዎ ጥናቷን መቼ ጀመረች? ወንድ ልጅዎስ በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ ነበር?

በመጪው ሐምሌ ክርክሩ በቤትዎ ሲጀመር ወደ ማዕድ ቤት አይሂዱ። ቁጭ ይበሉና ልጆችዎን ስለ አጋዦቹ ይጠይቋቸው። ከዚያም የቤቱን ሥራ በስም በስም ያከፋፍሉ፤ ባለቤትዎም ተራው አይለፈው። ብስክሌት በቤትዎ ካለ ደግሞ ለወንዱም ለሴቷም በእኩል ይሁን። ጎረቤት ጥቂት ቀን ሊናገር ይችላል። ልጅቷ ግን በሰዓቱ ትምህርት ቤት ትደርሳለች።